ቀን የሚበረታ፣ ሌሊት የሚዝል ጡንቻ፦ ስለ ማንኮራፋት የተላኩ ጥያቄዎች

በቅርቡ በዚህ ዓምድ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆምባቸውን ሰዎች አንስቼ፣ ነገሩ የውፍረት ብቻ አለመሆኑን፣ ኖርኤፒነፍሪን የተባለ የአንጎል ኬሚካል እጅም እንዳለበት ጠቅሼ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ልመልስ።

ባለቤቴ ቀን ትንፋሹ ደህና ነው። ሌሊት ግን እያንኮራፋ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እየተናነቀ ይነቃል። ጉሮሮው ያው ጉሮሮ አይደለም እንዴ? (ከአዳማ)

ጉሮሮውስ ያው ነው፤ የሚለወጠው ጠባቂው ነው። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧ በለስላሳ አጥንት ቀለበቶች የተደገፈ ስለሆነ በቀላሉ አይጨፈለቅም። ከምላስና ከላንቃ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ የለውም፤ ክፍት የሚሆነው በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ወጥረው ሲይዙት ነው። ዋናው ጂኒዮግሎሰስ ይባላል። ምላስዎን ከአፍዎ ሲያወጡ የሚገፋው እርሱ ነው።

ይህን ጡንቻ የሚያዙት ሞተር ነርቭ ሕዋሳት በአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ይገኛሉ። ትእዛዛቸውን የሚልኩት ሃይፖግሎሳል በተባለው 12ኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል ነው። አየር በሳብን ቁጥር ከትንፋሽ ማዕከሉ መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሕዋሱ ለመቀበል የተሰናዳ መሆን አለበት። ኖርኤፒነፍሪን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አልፋ-1 በተባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ፣ ፖታሲየም ከሕዋሱ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፤ ሕዋሱም በትንሽ ግፊት የሚነሳ ይሆናል። የተዳፈነ ፍም በአንድ እፍታ ይቀጣጠላል፤ የጠፋ ከሰል ግን ቢያራግቡት የሚነሳው አመዱ ነው።

እንቅልፍ ሲመጣ ኖርኤፒነፍሪን የሚያመነጩት ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ደግሞ ከነጭራሹ ዝም ይላሉ። ይህ ክፍል የሚረዝመው ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ የባለቤትዎ መታነቅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ የሚብስ እንደሆነ ልብ ይበሉና ለሐኪሙ ይንገሩ።

«ጡንቻው ሰነፍ ነው» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነቅተው ሳሉ ሲለኩ፣ ጂኒዮግሎሰሳቸው ከጤነኛው ሰው ይልቅ በርትቶ ሲሠራ ነው የተገኘው። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ጉሮሮ ታግሎ ሲከፍት ይውላል፤ ሌሊት አጋዡ ሲከዳው ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ማን አይቶ አረጋገጠው? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ማስረጃው በአብዛኛው ከአይጦች የመጣ ነው። የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ የአልፋ-1 ተቀባይን የሚዘጋ መድኃኒት በቀጥታ እነዚያ ሕዋሳት ባሉበት ስፍራ ጨመሩ፤ የአይጦቹ የምላስ ጡንቻ ሥራም ቀነሰ። ኖርኤፒነፍሪን ብቻውን እንዳልሆነም ይታወቃል። ሴሮቶኒን የተባለ ሌላ የአንጎል ኬሚካል ያግዘዋል፤ በሕልም ወቅት ደግሞ አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል በተቃራኒው ሕዋሱን ይጫነዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ጫት ኖርኤፒነፍሪንን ይጨምራል አሉኝ። ታዲያ ማታ ብቅም ማንኮራፋቴን አይቀንስልኝም? (ከድሬዳዋ)

ስለ ኬሚካሉ የነገሩዎት ልክ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርኤፒነፍሪን እንዲለቀቁ ያደርጋል። ነገር ግን የምላስ ነርቭን ብቻ መርጦ አይነካም፤ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ያልተኛ ሰው እርግጥ አያንኮራፋም፤ ይህ ግን ሕክምና አይባልም። ደግሞ እንተዋወቃለን፤ ምርቃናው አልበርድ ሲል ጨብሲው ይከተላል። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ከሚያዝሉት ነገሮች አንዱ ነው። አመሻሹ ላይ ቅሞ፣ ሊተኛ ሲል ቢራ የደራረበ ሰው፣ ኖርኤፒነፍሪኑ በሚቀንስበት ሰዓት ጉሮሮውን ጭራሽ ያለ ጠባቂ ይተወዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ሙያዎ ነው። መሪ ይዘው ዓይንዎ የሚከደን ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ሳያደርጉ ረጅም መንገድ አይውጡ።

ለአስም የምወስደው ሳልቡታሞል ጉሮሮዬንም ይከፍታል? (ከመቀሌ)

አይከፍትም። ሳልቡታሞል በሳንባ ቱቦዎች ላይ ያለውን ለስላሳ ጡንቻ የሚያላላ ነው። በጉሮሮ በኩል የምንፈልገው ተቃራኒውን፣ መወጠርን ነው።

ሲፓፕ መሣሪያ አለኝ፤ ጭምብሉ ግን ሰልችቶኛል። ነርቩን የሚያነቃ ክኒን አልወጣም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሲፓፕ ነርቩን አይነካም፤ አየሩን በግፊት እየነፋ መተላለፊያውን ክፍት ያደርገዋል። ኮሊን ሱሊቫን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬም ብዙ ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው እሱን ነው።

ክኒኑን በተመለከተ፣ ያዙልኝ ያልኳት አሴቲልኮሊን እዚህ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦስተን ላይ 20 ሕመምተኞች አንድ ሌሊት ሁለት መድኃኒት አብረው እንዲወስዱ ተደረገ፤ ኖርኤፒነፍሪን ቶሎ ተጠርጎ እንዳይጠፋ የሚያደርገው አቶሞክሰቲንና አሴቲልኮሊንን የሚከላከለው ኦክሲቡቲኒን። በሰዓት 28.5 ያህል የነበረው የትንፋሽ መቋረጥና መቀነስ ወደ 7.5 ወረደ። አንዱ ለብቻው ሲሰጥ ግን ይህን አላመጣም። ቁጥሩ አጓጊ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሌሊት ውጤት ነው። መድኃኒቶቹም የልብ ምትን ማፍጠንና አፍ ማድረቅ ይችላሉ። ሁለቱም በየፋርማሲው ለሌላ ሕመም የሚሸጡ ስለሆኑ ከዘመድ ተቀብሎ መሞከር ያምራል፤ እባክዎ አይሞክሩት።

እዚያው አሜሪካ ሌሎች መንገዶችም አሉ። በደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ የምላስን ነርቭ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ተፈቅዷል። ክብደት የሚቀንሰው ቲርዜፓታይድ የተባለ መድኃኒትም ውፍረት ላለባቸው አዋቂዎች በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2024) ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት ግን ጭምብሉን በልክ ያስቀይሩ፤ የሚሰለቸው ብዙ ጊዜ ልኩ ያልሆነ ጭምብል ነው።

የ4 ዓመት ልጄ ያንኮራፋል። አማቴ «እንጥሉ ይቆረጥ» ይላሉ። ምን ልበላቸው? (ከደሴ)

እንጥል አይቆረጥም ይበሏቸው፤ በአክብሮት፣ ግን በማያሻማ ቃል። መድማትና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ልጆች በዚህ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚህ ዕድሜ ከአንጎል ኬሚካል በፊት የሚጠረጠሩት ያበጡ ቶንሲሎችና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አዲኖይድ ናቸው። ሌሊት ሲያንኮራፋ በስልክ ቀርጸው ለአንገት በላይ ሐኪም ያሳዩ፤ ልጁ ሐኪሙ ፊት ነቅቶ ስለሚቀመጥ ከምርመራው ክፍል ይልቅ ቪዲዮው ብዙ ይናገራል።