«ጥሩ ሰው ነው» የሚባለው አሠሪ የሚያስፈርመው ወረቀት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ለዘጠኝ ዓመት መኪና ሲቀባ ቆይቷል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ማታ ማታ ያስለዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እሑድና በዓል ሲሆን ደህና ነው። ጤና ጣቢያ «ብሮንካይት ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡት። አሠሪው ጥሩ ሰው ነው፤ የሦስት ወር ደመወዝ ሰጥቶ ሊሸኘው ተስማምተዋል። ከዚህ ሌላ ካሣ ይገባዋል? ብንጠይቅስ ሰውየውን መበደል አይሆንም?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ካሣ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ያልጻፉት ነው። «ሊሸኘው ተስማምተዋል» ብለው አልፈውታል። ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን ነው? አሠሪው ነው ወይስ ባለቤትዎ? ይህን ሳያጣሩ ወደ ካሣ መሄድ አይቻልም፤ ስለዚህ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ «መበደል» ያሉትን ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ የሚያደርገው ጥፋት ባይኖርበትም ነው። ሰውየው ደግ መሆኑ ወይም ክፉ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። በአንቀጽ 98 መሠረት ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የመጣ በሽታም፣ በኬሚካል የመጣውን ጨምሮ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። መብትን መጠየቅ ክስ አይደለም፤ ስድብም አይደለም።

እሑድ ይሻለዋል ያሉት ደግሞ ከደብዳቤዎ ሁሉ ትልቁ ነገር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይዤ ከሐኪሞች የተማርኩት አለ። ቀለም ማቅጠኛው ቲነር ራስ ያዞራል፣ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ይሸታል፣ ስለዚህ ሰው ይጠነቀቀዋል። አደገኛው ቀለሙ እንዲጠነክር ከመኪና ቀለም ጋር የሚቀላቀለው ሃርድነር ነው። ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። የዚህ ኬሚካል ጠረን አያስጠነቅቅም፤ አፍንጫ ሳያውቀው ጎጂ መጠን ላይ ሊደርስ ይችላል። ሳንባን አንዴ ካስቆጣ አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ትንሿ መጠን እንኳ ትቀሰቅሰዋለች። ብዙ ጊዜ የሚጠናው ማታ፣ ሠራተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። አሠሪው «ማስክ ሰጥቼዋለሁ» ሊል ይችላል። የጨርቅም ሆነ የሐኪም ቤት ማስክ ተን አያግድም። ምን ዓይነት ማስክ እንደሆነ ፎቶ ያንሱት።

አሁን አንድ ነገር ልገምት። ባለቤትዎ ለሐኪሙ ሥራቸውን አልነገሩም፤ «ብርድ መታኝ» ነው ያሉት። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ካርዳቸው ላይ «የመኪና ቀለም ቀቢ» የሚል ቃል ከሌለ ግን ነገ ተመልሰው ይሂዱ። በምን እንደሚሠሩ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሻላቸው ይናገሩና ይጻፍላቸው። ወደ ሳንባ ሐኪም ሪፈር ይጠይቁ። የትንፋሽ ጉልበትን በሥራ ቀንና በዕረፍት ቀን እየለኩ መመዝገብ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሐኪሙን ይጠይቁት። የሃርድነሩን ቆርቆሮ ጽሑፍ ደግሞ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱ። ነገ ሌላ ብራንድ ሊገዛ ይችላል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ደንበኞቼ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አሠሪው «ችግር የለም፣ እንረዳዳለን» ይላል። ሒሳብ ሹሟ አንድ ወረቀት ታወጣለች። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «በግል ጉዳዬ ምክንያት ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የለቀቅኩ መሆኔን፣ ከድርጅቱም ምንም ዓይነት ቀሪ ክፍያ የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ገንዘቡ ከጎኑ ተቀምጧል። ማን አይፈርምም?

«ሕጉ ይጠብቀናል» የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው። በአንቀጽ 25 መሠረት ውል በስምምነት ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት ትቻለሁ ቢል ዋጋ የለውም። ግን ሁለት ነገር ይስቱታል። አንደኛ፣ ያ ወረቀት ስምምነት ሳይሆን መልቀቂያ ነው፤ የአሠሪው ጠበቃም «ማን አስወጣው? ራሱ ወጣ» ይላል። ሁለተኛውና የከፋው፣ መብትን መተው ፈራሽ ቢሆንም ስለ ምክንያቱ የተጻፈው ቃል ወረቀቱ ላይ ይቀራል። «በግል ጉዳዬ» ብሎ የፈረመ ሰው ከስድስት ወር በኋላ «በኬሚካል ታምሜ ነው» ሲል ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ፊርማ ነው። ማስተባበል ይቻላል፤ ግን ለምን ዳገት ይወጣሉ?

ሒሳቡንም እንየው። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ለዘጠኝ ዓመት 110 ቀን ይመጣል። የሦስት ወሩ «ስጦታ» 90 ቀን ነው። ስንብት የሚገባው ታዲያ እንደ መውጫው ምክንያት ነው፤ ለምሳሌ በሐኪም ቦርድ በተረጋገጠ የአካል ጉዳት ሥራው ሲቋረጥ፣ ወይም አሠሪው አደጋውን ተነግሮት ዝም ሲል ሠራተኛው ሲለቅ። «በግል ጉዳዬ» ከሁለቱም አያስገባም፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ቢለቅም ስንብት ሊጠይቅ የሚችልበት ሁኔታ አለ።

ስለ ካሣው በአጭሩ፦ በሽታው ከሥራ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ላቆሙበት ጊዜ ለመጀመሪያው ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪው ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ዘላቂ ጉዳት ካለ መጠኑን የሐኪም ቦርድ ይወስናል፤ ጡረታ ከተሸፈኑ ጥያቄው ወደዚያ ይሄዳል። ስለዚህ የአሠሪው 11 በመቶና የእሳቸው 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በእርግጥ ሲገባ እንደነበር ያጣሩ። ክፍያቸው በመኪና ቁጥር ከነበረ ደግሞ «ኮንትራክተር እንጂ ሠራተኛ አይደለም» የሚል ክርክር ይመጣልና የክፍያ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ አብረው የሚሠሩትን የባትላሜራ ሠራተኞች ስም ያዘጋጁ።

ዝም ብለው ከሥራ እንዳይቀሩ፤ ያ ሌላ ወጥመድ ነው። የሕመም ፈቃድ በጽሑፍ ይዘው፣ ኮፒ አስቀርተው ይስጡ። አደጋውንም በጽሑፍ ያሳውቁ። ካልሰማ የክፍለ ከተማውን የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያ ይጥሩ። ይርጋውም፣ ማለትም መብትን የመጠየቂያው የጊዜ ገደብ፣ ይሮጣል፤ በጥቅሉ አንድ ዓመት ነው፣ ለአንዳንድ ክፍያ ስድስት ወር ብቻ። የበሽታው ቀን የሚቆጠረውም ሐኪም መጀመሪያ ካረጋገጠበት ወይም ሥራ መሥራት ካቃታቸው ቀን ነው።

ይህ በደብዳቤ ብቻ የተሰጠ ምክር ነው፤ ሰነዶቹን አላየሁም። ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ያነጋግሩ። አቅም ካነሰ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ፈርመው ከሆነ ደግሞ ከእኔ አይደብቁት፤ የፈረሙበትን ቀን፣ የወረቀቱን ኮፒና ገንዘቡ በምን እንደተከፈለ ጽፈው ይላኩልኝ።