መጀመሪያ ገንዳውን ለካው

«ለኩላሊት ሕሙማን ብር ለማሰባሰብ ላንጋኖ ላይ 5 ኪሎሜትር ልዋኝ ነው፤ ሦስት ወር አለኝ፣ ድሬ ሆኜ እንዴት ልለማመድ?» ላልከው ወንድሜ።

አቦ፣ ጥያቄህን ሳየው የራሴ ጉድ ነው ትዝ ያለኝ።

1ኛ. ገንዳውን በሜትር ለካው። አትሳቅ። እኔ የምለማመድበት ሆቴል ርዝመቱን ስጠይቅ «25 ሜትር ነው» አሉኝ፣ አመንኩ። ማን ገንዳ ይለካል? በየቀኑ 120 ጊዜ ከጫፍ ጫፍ እዋኝና «ዛሬም 3 ኪሎ ገባሁ» እያልኩ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጉራዬን እነዛለሁ። ላንጋኖ ስገባ ግን ሁለት ኪሎሜትር እንዳለፍኩ ክንዴ እንቢ አለ። ድክም አይደለም፣ እንቢ ነው ያለው። እንደ ጆንያ ጎትተው ጀልባ ላይ ጫኑኝ። ድሬ ተመልሼ የአናጢ ጓደኛዬን ሜትር ይዤ ሄድኩ። 17 ሜትር! 120 ጊዜ ማለት 2,040 ሜትር ነው እኮ። ወራት ሙሉ በየቀኑ አንድ ኪሎ ገደማ ስሰረቅ ነበር። በዚያ ላይ በአጭር ገንዳ ግድግዳውን በእግርህ እየገፋህ ነው የምትዞረው፣ እያንዳንዷ ግፊያ ዕረፍት ናት። ሐይቅ ላይ ግድግዳ የለም።

የባሰው ደግሞ ብሩ ነው። የዋኘሁት ለሰፈራችን ልጅ ሕክምና ነበር፣ አንድ ነጋዴም በኪሎሜትር ቆጥሮ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር። የሁለቱን ከፈለና «የቀረውን ዓሣው ይክፈልህ» ብሎ ሳቀብኝ። ቀሪውን ዕድሩ ነው የሞላው። ስለዚህ በኪሎሜትር ሳይሆን ቁርጥ ያለ ብር አስገባ። በራስህ አካውንት ግን አንድ ብር እንዳትቀበል፣ የሦስት ሰው ፊርማ ያለበት ይሁን፣ ሐሜቱን አትችለውም።

2ኛ. ሙቀቱ። ጠዋት 12 ሰዓት ግባ፣ ከረፋድ በኋላ የድሬ ገንዳ ሻይ ነው። ውኃ ውስጥም ያልብሃል፣ ስለማይታይህ ነው እንጂ። የሚጠጣ ውኃ ጠርዙ ላይ አስቀምጥ። እኔ ሳስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ «እዚህ እንግዳ ነው የሚዝናናው፣ አንተ እየተመላለስክ ሰው ታስፈራለህ፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ከፍዬ እየገባሁ! ለደብዳቤው የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ ሦስት ቀን አመላልሶኝ «ለምን አትሮጥም? እኛ ሯጮች ነን» አለኝ። ደብዳቤውን ዛሬም እየጠበቅኩ ነው።

3ኛ... አዎ፣ ሐይቁ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው፣ የራስህን እጅ አታይም። ገንዳ ውስጥ ወለሉን እያየህ ቀጥ ትላለህ፣ እዚያ ግን ሳታውቀው ትጣመማለህ። በየ10 ቀዘፋው ቀና ብለህ ዳር ላይ ያለ አንድ ዛፍ ተመልከት፣ ይህንን ከአሁኑ ገንዳ ውስጥ ተለማመደው። ከሰዓት ንፋሱ ማዕበል ያስነሳል፣ በጠዋት ጀምር። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ላንጋኖ ወደ 1,600 ይጠጋል፣ ትንፋሽህ ልዩነቱን ያውቀዋል። ቢያንስ ሁለቴ ቀድመህ ሄደህ ዋኝበት፣ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም። ያለ ጀልባ ግን ንክች እንዳታደርገው። ብብትህንና አንገትህን ቫዝሊን ቀባ፣ አለዚያ ማታ ሸሚዝ መልበስ አትችልም። የዋና መነጽር ከድሬው ታይዋን ገበያ ከገዛህ ሁለት ግዛ፣ የእኔ ግማሽ መንገድ ላይ ውኃ አስገባ።

በዓመቱ ተመልሼ 5ቱንም ጨረስኩት፣ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ነጋዴውም ሳልጠይቀው የሦስቱን ከፈለ።

የትኛው ገንዳ እንደምትገባ በውስጥ ጻፍልኝ። ሜትሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።