ሐሳቡ ገና ሲመጣ

ልጆቼ፣ እዚሁ ባሕር ዳር ረጅም ዘመን በፋርማሲ ሙያ ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የሰፈራችን ወጣቶች ጎራ ሲሉ «ትጋት፣ ልብን ነቅቶ መጠበቅ የሚባለው ነገር፣ ለገዳም ሰው ነው እንጂ ለእኛ ይሆናል?» ይሉኛል። እዚህ ላደገ ልጅ እንዲህ ማሰብ አይገርምም። የክብራን ገብርኤል ገዳም ያለበት የጣና ደሴት ከከተማው ዳርቻ ይታያል፤ ጸሎቱ እዚያ፣ ውክቢያው እዚህ ይመስላል። ጌታችን ግን «ለእናንተም የምነግራችሁን ለሁሉ እላለሁ፦ ንቁ» ነው ያለው (ማር. 13፥37)።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ክፉ ሐሳብ ስለመጣባችሁ ብቻ አልበደላችሁም። አባቶች መንገዱን በደንብ አውቀውታል፦ ሐሳቡ ይመጣል፣ ልብ ከእሱ ጋር ወግ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ይስማማል፣ ሲደጋገም ደግሞ ልማድ ሆኖ ሰውየውን ይነዳዋል። ትጋት ማለት ሐሳቡ ገና ሲመጣ መንቃት ነው። ወጉ ከተጀመረ በኋላም ማቋረጥ ይቻላል፣ ግን ይከብዳል።

በእኛ ሙያ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ሦስት ጊዜ እናነባለን፤ ከመደርደሪያ ስናወርድ፣ ስንቆጥርና ለበሽተኛው ስንሰጥ። አዲስ ሠራተኛ ይሄ ለጀማሪ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የበለጠ የምሰጋው ለለመደ እጅ ነው። የለመደ እጅ ሳያነብ ያነሳል። ልብም እንዲሁ ነው፤ የለመደውን ቁጣ፣ የለመደውን ሐሜት ሳያይ ያነሳል።

ሥራ ላይ የነበርኩበትን ጊዜ አስቡ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሰልፉ ይረዝማል። ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት የመድኃኒት ማዘዣቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ይሰጡኛል። ዋጋውን ይጠይቃሉ፣ እነግራቸዋለሁ። እንደገና ይጠይቃሉ። ከኋላ ያለው ሰው ይነጫነጫል። ቁጣው ገና ቃል አልሆነም፤ መጀመሪያ መንጋጋዬ ይጠብቃል። ቀጥሎ «ነገርኩዎት እኮ!» ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። በዚህች መሐል ድምፅ ሳላወጣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እላለሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ሳያቸው፣ ደጋግመው የሚጠይቁት ስላልሰሙ እንዳልሆነ ይገባኛል። ብሩ አልሞላላቸውም። ቁጣው ቢቀድመኝ ኖሮ ይህን አላይም ነበር። ለዚህ ነው ትጋት ከራሳችን ይልቅ ለሌላው ሰው ይጠቅማል ብዬ የማምነው።

ያ 9 ሰዓት ደግሞ ባዶ ሰዓት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ) እና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)። ሦስቱ በሥራ ሰዓት ላይ ይውላሉ። 3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ 6 ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት ነው። መጽሐፍ ዘርግታችሁ ቁሙ አልልም። እስክሪብቶውን አስቀምጣችሁ ለአፍታ ማሰብ ግን ከሥራ አያስተጓጉልም።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ዐይን እንደተገለጠ ቲክቶክ ከተከፈተ፣ የሌላ ሰው ንዴትና የሌላ ሰው ምኞት ከጸሎታችሁ ቀድሞ ገባ ማለት ነው። ቢያንስ ነግህን ጸልዩና ክፈቱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንዳንድ ልጆች ትጋትን ከጭንቀት ጋር ያደባልቁታል። እያንዳንዱን ሐሳብ ሲመረምሩ ይውሉና ይዝላሉ፣ በመጨረሻም ሁሉንም ይተዉታል። መብራት ይዘው ሙሽራውን የጠበቁትን የአስሩን ቆነጃጅት ምሳሌ (ማቴ. 25) አስተውላችሁ አንብቡ። ሙሽራው ሲዘገይ አምስቱ ልባሞችም አብረው ተኝተዋል። ከሰነፎቹ የለያቸው የመብራቱ ዘይት ነው፤ አስቀድመው መያዛቸው። ደካሞች መሆናችንን እግዚአብሔር ያውቃል። የሚያስጨንቃችሁን ሐሳብ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ እንጂ ብቻችሁን አትታገሉት።

የማታ ተረኛ የሆናችሁ ነርሶችና ጥበቃዎችም አላችሁ፤ «ቅዳሴ አመለጠን፣ ጸሎት ቀረብን» ስትሉ እሰማለሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት መንፈቀ ሌሊት ነው፤ እናንተ ደግሞ በሥራ ምክንያት ነቅታችኋል። ያቺን ሰዓት በስልክ አትጨርሷት። በአንዲት «አቡነ ዘበሰማያት» ጀምሩ፤ የንስሐ አባታችሁ እንደ አቅማችሁ እያዩ ይጨምሩላችኋል።