ጥያቄና መልስ፦ ከቀበሌ ማኅበር እስከ ወረዳ ምክር ቤት

መላሽ፦ በአዲስ አበባ የቀበሌ፣ የከፍተኛ፣ የወረዳና የክፍለ ከተማ ምክር ቤቶች ታሪክና የፖለቲካ አሰላለፍ ላይ ጥያቄ እንድትጠይቁኝ በተስማማነው መሠረት ዛሬ ከሰዓት በኋላ መልስ እሰጣለሁ። ለ22 ዓመታት በመዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንጂ ፖለቲከኛ አይደለሁም። ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ቀበሌ ወይም ወረዳ በቁጥር ስትጠሩ ዘመኑን አብራችሁ ጥቀሱ፤ በ1985 «ወረዳ 5» ይባል የነበረው ዛሬ በየክፍለ ከተማው ካሉት ወረዳ 5ቶች ጋር ከቁጥሩ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም።

የማስተርስ ተማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የዛሬው የወረዳ ምክር ቤት መነሻ የቱ ነው? አንዳንድ ጽሑፎች ከንጉሡ ዘመን ማዘጋጃ ቤት ይጀምራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከደርግ።

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ዘለግ አድርጌ እመልሳለሁ። በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተማው ምክር ቤት ቢሰጠውም፣ በዚያ ምክር ቤት ሊቀመጡ የሚችሉት የመሥሪያ ቤት ተወካዮችና ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች ነበሩ፤ ከንቲባውን የሚሾሙትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ብዙኃን፣ ማለትም የከተማው አብዛኛው ሰው፣ በዚያ ወረቀት ላይ የለም። በሰፈር ደረጃ የሚመረጥ ጉባኤም አልነበረም። ስለዚህ ከማዘጋጃ ቤት የሚጀምሩት ጽሑፎች የከተማውን ምክር ቤት ታሪክ ይነግሩናል እንጂ የሰፈሩን አይነግሩንም።

የሰፈሩ ምክር ቤት የተወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በወጣበት ቀን ማለቴ ነው። ሰው ይህን አዋጅ የሚያስታውሰው ቤት በመውረሱ ነው። ነገር ግን አንድ መንግሥት በአንድ ጀንበር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትርፍ ቤቶች ባለቤት ሲሆን የሚገጥመውን ችግር አስቡት፤ ኪራዩን ማን ይሰብስብ? የሚያፈሰውን ጣራ ማን ያስጠግን? ተከራይ ሲሞት ቤቱ ለማን ይሰጥ? አዋጁ የሰጠው መልስ የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚል ነበር፤ ከታች ቀበሌ፣ ከዚያ ከፍተኛ፣ ከላይ ማዕከላዊ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት በኋላ «ኪራይ ቤቶች» ብለን ለምንጠራው ወገን ሄዱ። እንግዲህ ቀበሌ የተፈጠረው ሕዝብን ለመወከል ሳይሆን አነስተኛ ቤቶችን ለማስተዳደር ነው። ውክልናው በቤቱ ላይ ተደርቦ የመጣ ነገር ነው። የቀበሌ ታሪክ የቤት ታሪክ ነው ስል ብዙዎች ያጋነንኩ ይመስላቸዋል፤ አላጋነንኩም።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በሥራዬ ላይ ሳለሁ የ1960ዎቹ መጨረሻ የአንድ ቀበሌ የቃለ ጉባኤ መዝገብ እጄ ገብቶ ነበር። ጠንካራ ሽፋኑ ከጀርባው ተገንጥሎ በሲባጎ ታስሯል፤ በየገጹ ግርጌ ክብ ሐምራዊ ማኅተም ተረግጧል። የአንዱን ስብሰባ አጀንዳ ስቆጥር ሰባት ነጥብ አገኘሁ፤ ስድስቱ ስለ ቤት ነበሩ። የቆርቆሮ ግዢ፣ የጋራ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ ሦስት ወር ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ፣ በሁለት ጎረቤቶች መካከል የነበረ የአጥር ክርክር፣ አንድ ክፍል ለሁለት ይከፈልልኝ የሚል ማመልከቻ፣ እንዲሁም ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት የሟቹ ቤት በስሟ እንዲዛወርላት ያቀረበችው ልመና። ሰባተኛው ነጥብ «የፖለቲካ ንቃት ውይይት» ይላል፤ ከሥሩ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ ስለ ወረዳችን ታሪክ ይንገሩን።

መላሽ፦ የትኛው ወረዳ? በየትኛው ዘመን? ማሳሰቢያውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከካዛንቺስ፦ ጋሼ ቀበሌን እንደ ቤት አስተዳዳሪ ብቻ አድርገው ማቅረብዎ አልተዋጠልኝም። በ1969 እና በ1970 በየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓድ ታጥቆ አልነበረም? አሰሳው፣ እስሩ፣ ግድያው በማን እጅ ተፈጸመ? የእኔ ቤተሰብ ቀበሌ የሚለውን ቃል እስካሁን በመልካም አይሰማውም።

የመርካቶ ሰው፦ ወንድሜ፣ ኀዘንህን አከብራለሁ። ነገር ግን ቀበሌ ያ ብቻ አልነበረም። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጣ ነው። ስኳሩንና ሳሙናውን በተመጣጣኝ ዋጋ የምናገኘው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ነበር።

ከካዛንቺስ፦ ስኳሩን ለማግኘትም እኮ በስብሰባ መገኘት ግድ ነበር! ያልተገኘ ይቀጣል።

የመርካቶ ሰው፦ በእኛ ቀበሌ እንደዚያ ሲደረግ አላየሁም።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ስለ አንድ ቢሮ እየተናገራችሁ ነው፤ ክርክራችሁ የሚያልቀውም ይህን ስትቀበሉ ነው። በ1969 መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 የቀበሌ ማኅበራቱን እንደገና ሲያደራጅ ፍርድ ሸንጎውንና የጥበቃውን ሥራ ከቤት አስተዳደሩ ጋር በአንድ ጣራ ሥር አጠናከራቸው። የቤትህን ቁልፍ የሚሰጥህ፣ ስኳርህን የሚመዝንልህ፣ የሚከስህና የሚያስርህ አካል አንድ ሲሆን ያ አካል ምክር ቤት መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ቀይ ሽብር በሰፈር ደረጃ ያን ያህል ሥር ሊሰድ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቤቱ መዝገብ ማን የት እንደሚያድር አስቀድሞ ጽፎታልና። አቶ ከካዛንቺስ፣ የቤቱን ነገር ያነሣሁት ግፉን ለማቅለል አይደለም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከቦሌ ቡልቡላ፦ እኔ ከሌላ ክፍለ ከተማ መልቀቂያ አምጥቼ መታወቂያ ከተከለከልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መላሽ፦ ይህ የታሪክ ጥያቄ አይደለም። የወረዳዎን ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ምርጫ ታዛቢ የነበረች፦ በየምርጫው የምክር ቤቱ የፓርቲ አሰላለፍ ምን ይመስል እንደነበር በቅደም ተከተል ቢያስቀምጡልን።

መላሽ፦ ግንቦት 7 ቀን 1997 ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ለኢሕአዴግ አንድ ቀረ። የቅንጅት ተመራጮች ምክር ቤቱን ተረክበው ሥራ አልጀመሩም፤ ለከንቲባነት የመረጧቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ታሰሩ፤ ከግንቦት 1998 ጀምሮ ከተማውን በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ያዘው። ሚያዝያ 2000 በተካሄደው ምርጫ ቁጥሩ ተገለበጠ፤ 137ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። ሚያዝያ 2005 በርካታ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን ከምርጫው ባገለሉበት ሁኔታ ኢሕአዴግ ሁሉንም ወሰደ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ብልጽግና ሁሉንም ወሰደ።

ይህ የከተማው ምክር ቤት ነው። የክፍለ ከተማና የወረዳ ምክር ቤቶች የሚመረጡት «የአካባቢ ምርጫ» በሚባለው ነው፤ እርሱም ከ2005 ወዲህ አልተካሄደም። በ2013 ድምፅ የሰጣችሁት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባላትን መረጥን የምትሉ ሰዎች በየመድረኩ ይገጥሙኛል፤ አልመረጣችሁም።

የማስተርስ ተማሪ፦ በ1997 እና በ2000 ተመሳሳይ 137 መውጣቱ አይገርምም? መራጩ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ይገለበጣል?

መላሽ፦ መራጩ ያን ያህል አልተገለበጠም። በ1997 የተሰለፈው ሰው ብዙው በ2000 ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ቀርቷል፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎችም ተበታትነው ወይም ራሳቸውን አግልለው ነበር። ሌላው ምክንያት ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ 23 የምርጫ ክልሎች አሏት፤ 138ን ለ23 ብታካፍሉ 6 ይደርሳችኋል። በአንድ ክልል ብዙ ወንበር ተቀምጦ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ሲባል፣ በጠባብ ልዩነት የመራው ወገን ስድስቱንም ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛ የወጣው የድምፁ ድርሻ የቱንም ያህል ቢሆን በአዳራሹ ውስጥ ወንበር አይኖረውም። ይህ ሥርዓት ቅንጅትንም ኢሕአዴግንም እኩል ጠቅሟል። ስለዚህ ከምክር ቤቱ ወንበር ብዛት ተነሥታችሁ የከተማውን ሰው ስሜት እንዳትለኩ፤ ይህን አሁንም ደግሜ አስጠነቅቃለሁ።

የቀበሌውንም ነገር በዚሁ ልጨርስ። ከ2000 ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ15 አካባቢ ተነሥቶ እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። ለሕዝቡ ሰፊ ውክልና ለመስጠት ነው ተባለ። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ዕጩዎችን በአንድ ጊዜ ማቅረብ የሚችለው ማን እንደሆነ ተቃዋሚዎቹ ያኔውኑ ተናግረዋል።

ከአቃቂ፦ የክፍለ ከተማ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተጠሪነቱ ለማን ነው? ለምክር ቤቱ ወይስ ለከንቲባው?

መላሽ፦ በ1995 በወጣው የከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361፣ ለሁለቱም። ከታች መርጦ የሚሾመው ምክር ቤትና ከላይ ያለው ከንቲባ ሲጋጩ ሥራ አስፈጻሚው ወደየትኛው እንደሚያደላ ለእናንተ እተዋለሁ።

የሽሮ ሜዳ ሰው፦ አዲስ አበባ የማን ናት? ምክር ቤቱስ ይህን ሊወስን ይችላል?

መላሽ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 የከተማው ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው፣ አስተዳደሩ ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነና የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ይናገራል። ከዚህ በላይ በዚህ ጥያቄ ላይ አልሄድም፤ ገብተንበት የወጣንበት ጊዜ የለምና።

የሽሮ ሜዳ ሰው፦ መሸሽ ነው ይኼ።

መላሽ፦ አዎን፣ መሸሽ ነው።

የጉለሌ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ወረዳ 9።

መላሽ፦ የየትኛው ዘመን ወረዳ 9? ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳ። በደርግ ዘመን 25 ከፍተኛዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ 28 ወረዳዎች ነበሩ። በ1995 በአቶ አርከበ ዕቁባይ አስተዳደር ዘመን 10 ክፍለ ከተሞችና 203 ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹ ቆይተው ወደ 99 ተጠቀለሉ፤ በ2003 ገደማ ደግሞ 116 ሆነው «ወረዳ» ተባሉ። በ2013 ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። ስለዚህ የአያትዎ «ቀበሌ»፣ የአባትዎ «ከፍተኛ» እና የእርስዎ «ወረዳ» በአንድ ግቢ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። ሰዉም ስሙን በቀላሉ አይለቅም፤ ጽሕፈት ቤቱ በራፍ ላይ «ወረዳ» ተብሎ እየተጻፈ አሁንም «ቀበሌ ሄጄ መጣሁ» እንላለን።

የጉለሌ ልጅ፦ የአሁኑን ማለቴ ነው።

መላሽ፦ በየክፍለ ከተማው ስንት ወረዳ 9 እንዳለ ልብ ይበሉ።

የማስተርስ ተማሪ፦ ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቱን አገኘች?

መላሽ፦ ይህን ትጠይቃለህ ብዬ አልጠበቅሁም። የቀበሌው ኮሚቴ በጉዳዩ ላይ ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ቤቱ እንዲሰጣት ተስማምቷል፤ ሰባት ፊርማ አለበት፣ አንዱ የጣት አሻራ ነው። ከፊርማዎቹ በላይ ግን በሌላ ሰው የእጅ ጽሕፈትና በሌላ ቀለም «ጉዳዩ ለከፍተኛው ቀርቦ ይወሰን» የሚል ተጨምሯል። የከፍተኛውን መዝገብ ለብዙ ዓመታት ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።