ማመዛዘን የሚያስተምር የልጆች ሶፍትዌር፦ የጅማ ወላጆችና መምህራን ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ሁሉም መተግበሪያ «ማመዛዘን ያስተምራል» ይላል። እውነተኛውን በምን ልለይ?

መልስ፦ መግለጫውን ይተዉትና ራስዎ ይክፈቱት። ጥያቄውን ሳያነቡ በዘፈቀደ ይጫኑ፤ እንዲህም ሆኖ ደረጃ ካለፉ፣ ልጅዎ የሚማረው መነካካት ነው። ከዚያ አንዱን ቦታ በሁለት የተለያየ ምርጫ ይጫወቱት። መጨረሻው ያው ከሆነ ምርጫው ለይምሰል ነው። ሰዓት እየቆጠረ የሚያጣድፈውንም ይለፉት።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ኢንተርኔት እየተቆራረጠብን ነውና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አለ?

መልስ፦ ስክራች ጁኒየር ከ5–7፣ ስክራች ከ8–16 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጁ፣ ትዕዛዝ የያዙ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ጨዋታና ታሪክ የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ስክራች አማርኛም አለው። ሌላ መተግበሪያ ከሆነ ዋይፋይና ዳታ ዘግተው ይሞክሩት።

ጥያቄ (ከአንድ መምህር)፦ በስክራች ውሳኔ የሚያስተምር ምን ላሠራ?

መልስ፦ የአቮካዶ ጁስ ንግድ ያሠሯቸው። «ብር» እና «ብርጭቆ» የሚባሉ ተለዋዋጮች (የሚቀያየር ቁጥር የሚያዝባቸው ስሞች) ይፍጠሩ፤ መነሻው 600 ብር፣ የአንዱ ብርጭቆ ወጪ 30፣ መሸጫው 50 ይሁን። ልጁ ስንት ብርጭቆ እንደሚያዘጋጅ ይወስናል። ከ1 እስከ 3 በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣው ብሎክ 1 ካወጣ ዝናብ ነው፤ 8 ብቻ ይሸጣል። 2 ወይም 3 ከሆነ ፀሐይ ነው፤ እስከ 20 ይሸጣል። 20 ያዘጋጀ ልጅ በፀሐይ 400 ያተርፋል፣ በዝናብ 200 ይከስራል።

ብዙ ክፍል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ዝናብ የመጣበት ልጅ «ተሳሳትኩ» ብሎ በቀጣዩ ዙር 5 ብቻ ያዘጋጃል። ውሳኔው ግን ልክ ነበር፤ ዕድሉ ነው የከፋው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ዙር ያጫውቱ። በየዙሩ ከመጫናቸው በፊት ምርጫ፣ ምክንያትና ግምት በደብተር ይጻፉ። ነጥብ የሚሰጡትም ለምክንያቱ እንጂ ለትርፉ አይሁን። ኮምፒውተር ካነሰ ሦስት ሦስት ሆነው አንዱ ይጫን፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ይሟገት።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ የ6 ዓመት ልጄ ኮከብ ብቻ ነው የምታሳድደው።

መልስ፦ ኮከብ የሌለው ይፈልጉላት። ምርጫውም ከሁለት ወይም ከሦስት አይብለጥ። ስልኩ ላይ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ግዢ እንዳይፈጸም መዝጋትዎንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ታብሌት ከሌለንስ?

መልስ፦ ገበጣ አለ። ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻዋ የት ጉድጓድ እንደምትወድቅ ይናገር፤ ካልተናገረ ተራው ይለፈው።