በሰው አገር ዘጋቢ ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ጋዜጠኛ ነኝ። አንድ የውጭ ዜና ወኪል ሌላ አገር ሄጄ በስትሪንገርነት እንድሠራለት ጠይቆኛል። ደመወዝ የለውም፤ የሚከፍሉት በዜና ነው። የአገሩን ቋንቋ ስለማልችል ፊክሰር፣ ማለትም የሚያስተረጉምልኝና ከሰው የሚያገናኘኝ የአገሩ ተወላጅ፣ እናገናኝሻለን ብለውኛል። ጓደኞቼ «እንዲህ ያለ ዕድል እንዳያመልጥሽ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ፈርታለች። እርስዎ በውጭ ዘጋቢነት ብዙ ስለሠሩ፣ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሂጂ። ከመፈረምሽ በፊት ግን እናውራ።

ስለ ክፍያው አጭር ነው። ስትሪንገር ዜና ካለ ይበላል፣ ከሌለ ጦሙን ያድራል። ትንሽም ብትሆን በየወሩ የማትቀር ክፍያ ጠይቂ። እምቢ ካሉ፣ አዘውሽ ሳይወጣ ለቀረ ዜና ስንት እንደሚከፍሉ በጽሑፍ ይስጡሽ። ዴስኩ፣ ማለትም ዜናሽን የሚቀበለው የወኪሉ አርታዒ ክፍል፣ ሌሊት ደውሎ «300 ቃል ላኪ» ይልሻል። ሲነጋ ሌላ ትልቅ ዜና ይመጣና ያንቺ ይቀራል። አንቺ ግን እንቅልፍሽን አጥተሻል።

ቪዛው ላይ ደግሞ አትሞኚ። «ለጊዜው በቱሪስት ቪዛ ግቢ» ካሉሽ በፍጹም እሺ አትበይ። ነገር ሲበላሽ «የኛ ሠራተኛ አይደለችም» ለማለት ይመቻቸዋል። በብዙ አገር የጋዜጠኛ ቪዛና የፕሬስ ካርድ የሚሰጠው በቀጣሪው ደብዳቤ ነው። ካርዱ ኖሮሽም ቢሆን ሙሉ ዋስትና የለሽም። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ቻይና ከኒውዮርክ ታይምስ፣ ከዎል ስትሪት ጆርናልና ከዋሽንግተን ፖስት አሜሪካውያን ዘጋቢዎች ብዙዎቹን ካርዳችሁን በ10 ቀን ውስጥ መልሱ አለቻቸው። ነገሩ ከሁለቱ መንግሥታት ጠብ ጋር የተያያዘ ነበር። ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቶ የኖረ ሰው በ10 ቀን!

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፊክሰሩን በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ እንደሆንኩ ከሥራው ግማሹ የሱ ነው ባይ ነኝ። ማን ጋ ቀድማችሁ እንደምትሄዱ፣ የቱ በር በስንት ሰዓት እንደሚንኳኳ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሹም ስለ ጠፋ የእርዳታ እህል ረጅም ዲስኩር ሲያሰማን ፊክሰሬ እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም። ስንወጣ «ያለው ሁሉ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው» አለኝ። «ግን ስለ መጋዘኑ ስትጠይቀው ጸሐፊዋን አየት አደረጋት።» ጸሐፊዋን ፈልገን አገኘናት። ዜናው እሷ ጋ ነበር።

አደጋውም ቢሆን በውጭው ጋዜጠኛና በአገሬው ሰው ላይ እኩል አይደርስም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ካይሮ ውስጥ የታሰሩትን የአልጀዚራ ጋዜጠኞች አስታውሺ። ፒተር ግሬስቴ አውስትራሊያዊ ነው። መሐመድ ፋህሚ የካናዳም የግብፅም ዜግነት ነበረው። ባሄር መሐመድ ግብፃዊ ነው። ፍርድ ቤቱ ለሁለቱ 7 ዓመት ሲፈርድ ለባሄር 10 ዓመት ፈረደበት። ጭማሪዋ 3 ዓመት በአንዲት የተተኮሰች ጥይት ቀለሃ ምክንያት ነው። ግሬስቴ በፌብሩዋሪ 2015 ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ወደ ቤቱ ገባ። ባሄርና ፋህሚ በዋስ ቢወጡም እንደገና ተከሰው፣ እንደገና ተፈርዶባቸው፣ በምሕረት የተለቀቁት በሴፕቴምበር ነው። ሦስቱም ባሄሮች ቢሆኑ ኖሮ ዓለም ያን ያህል ይጮህ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ።

እና ወኪሉን ስትደራደሪ ስለ ራስሽ ብቻ አትጠይቂ። ኢንሹራንሱ ፊክሰሩን ይጨምራል ወይ? ቢታሰር ጠበቃ የሚያቆምለት ማን ነው? «እሱን አንቺ ጨርሺ» ካሉሽ፣ ነገ ላንቺም የሚሆኑት እንደዚያው ነው። ስሙ ከዜናው ጋር ይውጣ አይውጣ የሚለውን ደግሞ ራሱን ጠይቂው። አንዱ ለሥራው ስሙ እንዲታወቅ ይፈልጋል፤ ሌላው እዚያው ሰፈር ስለሚያድር ባይታወቅ ይመርጣል። ሒሳቡን በዕለቱ ክፈዪው። ወኪሉ እስኪከፍልሽ አታስጠብቂው።

እናትሽን በተመለከተ፣ «ምንም አልሆንም» ብለሽ አትሸንግያት። ዴስኩ ላይ ያለ የአንድ ሰው ስምና ስልክ ስጫት። ለንደን ውስጥ ሮሪ ፔክ ትረስት የሚባል ድርጅት አለ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ሞስኮ ላይ ከተገደለው ፍሪላንስ (ቋሚ ቀጣሪ የሌለው) ካሜራማን የመጣ ሲሆን ሥራው ፍሪላንሰሮችን መደገፍ ነው። ስለ ደህንነት ሥልጠና እዚያ ጠይቂ። ታዲያ አሁኑኑ፣ ሻንጣ ሳታዘጋጂ።