አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰሌዳ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ኮሚቴ አባል ነዎት። በምርጫ ዘመቻ ለሚፈሰው ገንዘብ ልክ ይበጅለት የሚሉ አራት ትናንሽ ቡድኖች ማኅበራችሁ አብሯቸው እንዲሠራ ጠይቀዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን ገና አልተስማሙም። አንዱ ሕገ መንግሥቱ ካልተሻሻለ ዋጋ የለውም ይላል፤ ሌላው ከተማው ራሱ ለእጩዎች ገንዘብ ይመድብ ይላል፤ የቀሩት ሁለቱ የለጋሾች ስም በግልጽ ቢወጣ ይበቃናል ይላሉ። «እንግባ ወይስ ተስማምተው እስኪመጡ እንጠብቅ?» ነው የጠየቁት።

ግቡ፤ አሁኑኑ ግቡ። ተስማምተው እስኪመጡ ከጠበቃችሁ የሚተርፋችሁ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ያለቀ የደቀቀ ወረቀት ወደ አማርኛ መተርጎም። እኔ የምኖረው ሲያትል ነው፤ ሙያዬ ታክሲ መንዳት ነው፤ ሕግ አልተማርኩም። የምነግርዎ ያየሁትን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኖቬምበር 2013 ሁለት ነገር በአንድ ቀን ለድምፅ ቀረበ። አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በትንሿ የሲታክ ከተማ ለማረፊያውና ለሆቴሎቹ ሠራተኞች የሰዓት ደመወዝ ከ15 ዶላር እንዳያንስ የሚል ሐሳብ ነበር። ተራ ከምንጠብቅበት ሰልፍ እየወጣሁ ከሶማሌና ከኤርትራውያን ጓደኞቼ ጋር ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። ድምፁ ተቆጥሮ፣ እንደገና ተቆጥሮ፣ በ77 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ሰባ ሰባት! ካንኳኳናቸው ሕንፃዎች በአንዱ ብቻ ይህን ያህል ሰው ሳይኖር አይቀርም። በዚያው ቀን ሲያትል ውስጥ ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደሩ እጩዎች ከሕዝብ ገንዘብ ይደገፉ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ለጥቂት ወደቀ። እኔ የሲያትል ነዋሪ ሆኜ ስለዚህኛው ያወቅኩት የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲደርሰኝ ነው። እኛ ቡና ቤት የመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጎራ ያለ አንድም ሰው አላየሁም። ለሲታክ ሌሊት ተቀን በእግራችን ስንዞር የነበርን ሰዎች ለከተማችን ሐሳብ ጠያቂ አጣን።

በ2015 ነገሩ ተሻሽሎ ተመለሰ፤ ኢኒሼቲቭ 122 ይባል ነበር፤ ኢኒሼቲቭ ማለት በቂ የመራጭ ፊርማ ከተሰበሰበለት ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ ነው። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ መራጭ ባለ 25 ዶላር አራት ቫውቸር፣ ማለትም ለእጩ ብቻ የሚሰጥ የገንዘብ ወረቀት፣ ይላክለታል፤ እሱም ለወደደው እጩ ይሰጠዋል። ቫውቸር የሚቀበል እጩ ደግሞ የወጪ ጣሪያና ሌሎች ገደቦችን ይቀበላል። ገንዘቡ የሚመጣው ከንብረት ግብር ነው፤ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ10 ዓመት። አንድ ሰው ለአንድ እጩ የሚሰጠው ጣሪያ ከ700 ወደ 500 ዶላር ወረደ፤ ከከተማው ትልልቅ ውል የያዙ ድርጅቶችም እንዳይለግሱ ተከለከሉ። በዚህ ጊዜ አንዲት የሰፈሬ ልጅ ቀደም ብላ ጠርታኝ ነበርና የፊርማ ሰሌዳና እስክሪብቶ ይዤ ሬኒየር ጎዳና ላይ ካለ የባልትና ሱቅ ፊት ለፊት ቅዳሜ ቅዳሜ መቆም ጀመርኩ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ መምህር የራሳቸውን ሰሌዳ ይዘው ቆመዋል። የእሳቸው ኢኒሼቲቭ 735 ነው፤ ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ የዘመቻ ገንዘብ እንዲገደብ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ብሎ ይጠይቅ የሚል። ሁለት ቅዳሜ እንደ ተፎካካሪ ነጋዴ ተያየን። እሳቸው ጋ የፈረመ ሰው እኔ ጋ ሲደርስ «ፈርሜአለሁ» ብሎ ያልፋል፤ የኔን የፈረመም እሳቸውን እንደዚያው። ከዚያ የባሰው ደግሞ የፊርማዬ ጥራት ነበር። የኔ ወረቀት የሚቀበለው በሲያትል ከተማ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ ሲንር ስንቱ ሐበሻ ወደ ተክዊላ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ኬንት ተገፍቷል፤ ቅዳሜ ግን በርበሬና እንጀራ ሊገዛ ሬኒየር ይመጣል። «የት ነው የሚኖሩት?» ስለው «ሲያትል» ይለኛል፤ ውሸቱን አይደለም፣ ለእሱ ሁሉም ሲያትል ነው። አንድ ሙሉ ገጽ አስፈርሜ ስመረምረው ከሃያው ስምንቱ የማይጸና ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን ያፈሰስኩትን ላብ ያየው አንድ እግዚአብሔር ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። መምህሩ ጃንጥላ አልያዙም፤ እኔ የሱቁን ታዛ አስፈቅጃለሁ፤ ጠራኋቸው። ከቴርሞሴ ቡና ቀዳሁላቸውና ሁለቱን ሰሌዳ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄያችን አድራሻ ሆነ። ከተማው ውስጥ የሚኖር ሁለቱንም ይፈርማል። የተክዊላው የመምህሩን ብቻ ይፈርማል፤ የእሳቸው የግዛቱን መራጭ ሁሉ ይቀበላልና። ዜግነት ያላገኘ ከሁለቱም የለበትም፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ከቤተሰቡ መራጭ ለሆነ ሰው እንዲነግር አደራ ተብሎ ይሄዳል። የማይጸናው ፊርማዬ ወዲያው ቀነሰ። የእሳቸውም ገጽ እኔ በአማርኛ እያስረዳሁላቸው ይሞላ ጀመር።

በሐሳብ ግን አልተስማማንም፤ እስከ መጨረሻው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ለዘመቻ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ንግግር የሚጠበቅ ነው ብሏል፤ በ2010 ደግሞ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከእጩው ጋር ሳይመካከሩ የፈለጉትን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። መምህሩ ይህ ሳይነቀል የኔ ቫውቸር ጎርፍን በጭልፋ መቅዳት ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ በላዩ ላይ ከ50 ግዛቶች 38ቱ እስኪስማሙ የልጅ ልጄ ታየው እንደሆነ እንጂ እኔስ አላየውም እላቸዋለሁ። ቡና እየጠጣን በየሳምንቱ ተከራከርን። ለሥራው መስማማት አላስፈለገንም፤ ያስፈለገን ማን የቱን ወረቀት መፈረም እንደሚችል ማወቅ ነበር።

ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ይህን ተረት ስሰማ ማን ነው የሚፈትለው ብዬ እጠይቃለሁ። በሰፈራችን ደረጃ የምንንቀሳቀስ ቡድኖች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ምሽት ተቀምጠን ግማሽ ገጽ የማትሞላ ስምምነት ጻፍን። አንዱ የሌላውን ሐሳብ በመራጭ ፊት እንዳያጣጥል፤ የአባላት ስልክ ያለባለቤቱ ፈቃድ ከቡድን ወደ ቡድን እንዳይተላለፍ፤ ጋዜጠኛ ሲመጣ ማን እንደሚናገር፤ መውጣት የፈለገ ቡድን እንዲወጣ፣ ነገር ግን ምርጫው እስኪያልፍ በአደባባይ እንዳይቃወም። የስልኩ ጉዳይ ቀላል መስሏችሁ እንዳታልፉት። ከዚያ በፊት በሌላ ዘመቻ የማኅበራችንን የስልክ ዝርዝር ለአንድ ቡድን ሰጥተን፣ እናቶቻችን ለዓመት ያህል በማያውቁት ሰው በእንግሊዝኛ ሲደወልላቸው ከርመዋል። አንዳንዶቹ ዛሬም የኔን ስልክ አያነሡም።

ሦስት ምሽት የፈጀብን ግን ያልጻፍነው ነገር ነው። ገደቡ የሠራተኛ ማኅበራትንም ይጨምር ወይስ ኩባንያዎችን ብቻ? የ2010 ውሳኔ ሁለቱንም ስለሚመለከት ጥያቄው ማምለጫ የለውም። ከመካከላችን ሁለቱም ይገደቡ የሚሉ ነበሩ፤ አዳራሹንና ማባዣ ማሽኑን የሚያበድሩን ደግሞ የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በመጨረሻ ለያዝነው ፊርማ አያስፈልግም ብለን ከወረቀቱ ውጪ ተውነው። ፍርሃት ነው ያሉን አሉ። እኔ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሕጉ ያላነሣውን ጥያቄ እኛ አንሥተን ብንበተን የሚደሰተው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አንዲት እናት ሰሌዳዬን ይዘው ቆዩና «ልጄ፣ ይህን ወረቀት ማን ነው የሚያየው?» አሉኝ። ቀበሌን ያየ ሰው ጥያቄ ነው። ሌላው በጎ ፈቃደኛ «ማንም አያይም» ሊላቸው ሲል አቋረጥኩት። በዋሽንግተን ግዛት እንዲህ ያለ የፊርማ ወረቀት የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ጠይቆ ማየት ይቻላል። እውነቱን ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን መልሰው ሰጡኝ። በሳምንቱ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ፤ ሦስቱም ፈረሙ። ከፈረንጅ ቡድኖች ጋር ስትሠሩ የሰለጠኑበት አጭር ንግግር ይሰጧችኋል፤ ይህን ጥያቄ ግን አይመልስም። እናንተ መልሱን ይዛችሁ ግቡ።

አሁን ስለ ሕጉ ጽሑፍ። የሲያትል ቫውቸር ድምፅ መስጠት ለማይችል ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ላለው ሰው ጭምር ይሰጣል፤ አመልክቶ ይወስዳል። ወረቀታችንን መፈረም ያልቻሉት ቡና ጠጪዎቻችን ሕጉ ከጸደቀ በኋላ 100 ዶላራቸውን ይዘው ከእጩ ፊት ቀረቡ ማለት ነው። ቅዳሜ ሰላም ብሎን የማያውቅ እጩ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ላይ እንጀራ እንዴት እንደሚቆረስ ሲማር አይቻለሁ። ከተማው መግለጫውን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አወጣ። መልካም ነው። ያቺ የግሪን ካርድ መስመር ሕጉ ውስጥ ባትኖር ግን ትርጉሙ ብቻውን ለማን ይጠቅማል? ስለዚህ ወደ አራቱ ቡድኖች ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ረቂቁን ነው፤ በማን እንደሚጀምርና ማንን እንደሚያስቀር።

ማኅበራችሁ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለሕዝብ ድምፅ የቀረበን ሐሳብ መደገፍ ወይም መቃወም ይፈቀድላችኋል፤ ሕጉ እንደ ሎቢ፣ ማለትም ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ እንደ መገፋፋት ሥራ፣ ስለሚቆጥረው ግን መጠን አለው። እጩን መደገፍ ወይም መቃወም ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። ከአራቱ ቡድኖች አንዱ «በዚያውም እገሌን እናስመርጥ» ካለ ያን ዕለት ከጠረጴዛው ተነሡ። ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችንም እንደዚሁ ናቸው። ገንዘብ ያዣችሁ ሰዓቱንና ወጪውን ለብቻ ይመዝግብ።

122 በ2015 አሸነፈ፤ ከ100 መራጭ 63 ገደማ ደገፈው። የመምህሩ 735ም በ2016 በተመሳሳይ ልዩነት አለፈ። በዚያው የ2016 ድምፅ ግን ቫውቸሩን ወደ ግዛቱ ሁሉ የሚያሰፋ ሌላ ሐሳብ፣ 1464፣ ወደቀ። ገንዘቡ ይመጣ የነበረው የሽያጭ ግብር ከሌለባቸው ግዛቶች፣ በተለይ ከኦሪገን፣ የሚመጡ ገበያተኞች የነበራቸውን የግብር ነጻነት በማንሣት ነበር። የድንበር ከተማ ነጋዴ ቢቃወም አይፈረድበትም። ረቂቁን ስታነቡ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ፣ ያ ሰው በስብሰባው ላይ ተወክሎ እንደሆነ ጠይቁ።

ከድሉ በኋላ ያለውም አልጋ በአልጋ አይደለም። በ2017 መጀመሪያ ቫውቸሩ በፖስታ ሲመጣ የሕንፃችን የፖስታ ሣጥን ሥር ካለው ቆሻሻ መጣያ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ለቅሜ ለየባለቤቶቻቸው በር ለበር መልሻለሁ። እስካሁን የሚጠቀምበት ሰው ከአሥሩ አንድ አይሞላም። የንብረት ባለቤቶች ከስሰው እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 ሕጉ ጸና። በዚያው ዓመት አማዞን ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ወደ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ፤ የደገፋቸው እጩዎች አብዛኞቹ ቢሸነፉም ቫውቸሩ እንዲህ ያለውን ገንዘብ ሊከለክል እንደማይችል አየን። መምህሩ በዚያ ሰሞን ደውለው «ጭልፋህ እንዴት ነው?» አሉኝ። በኦገስት 2025 ግብሩ ለተጨማሪ 10 ዓመት ይታደስ ተብሎ ለድምፅ ሲቀርብ ግን እሳቸውም ደግፈው ቆሙ፤ አለፈም።

ለእናንተ የሚቀርበው ምሳሌ ጎረቤታችሁ ዴንቨር ነው፤ በ2018 ሕዝቡ ያጸደቀው ሕግ ነዋሪ ከሚሰጠው እስከ 50 ዶላር ድረስ ከተማው ዘጠኝ እጥፍ እንዲጨምር ያደርጋል። ከዚያ ዘመቻ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ኦሮራ ደግሞ በሦስት ካውንቲ ላይ የተዘረጋች ናት፤ በፖስታ አድራሻው «ኦሮራ» የሚል ሆኖ ከከተማው ወሰን ውጪ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የከተማውን ወሰን የሚያሳይ ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፤ የማኅበራችሁ አባላት የት የት እንደሚኖሩ በእርሳስ ነጥብ ነጥብ አድርጉበት። የኛን ግማሽ ገጽ ስምምነት መሳቢያዬ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ የቡና ጠብታ አለበት እንጂ ይነበባል። ከፈለጉ በአማርኛ ጽፌ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።